የቤተሰብን መታሰቢያ በሁለት ቤት ስለ ማኖር

በበዴሳ ያለ ጥንቁቅ ገበሬ የዘር በቆሎውን ከሚበላው ለይቶ ያኖራል፤ ዘሩ ከጠፋ መጪው ዓመት ጠፍቷልና። የልጆች ፎቶግራፍና የሙት ወላጅ ድምፅም ዳግመኛ የማይገኝ ዘር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሁሉን በአንድ ስልክ ብቻ ይዞ ይኖራል።

ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ወደ ሶዶ የምትሄዱ ወላጆች ሆይ፤ አንድ ባለ 2 ቴራባይት ከመግዛት ይልቅ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ብትገዙ ይሻላል። አንዱ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 1 ቴራባይት 250,000 ያህል ይይዛልና ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ያለው ዓይነት ዋጋው ይረክሳል፤ ዳሩ ግን በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ይበላሻል። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መውደቅን ይታገሣል፤ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለብዙ ዓመት ቢቀመጥ የያዘውን ሊያጠፋ ይችላል። ዋጋው ከመጠን በላይ ከረከሰም ተጠንቀቁ፤ የተጻፈበት መጠን ሐሰት ሊሆን ይችላልና እስከ መጨረሻው ሞልታችሁ የሞላችሁት ሁሉ መከፈቱን መርምሩ።

ከሁለቱ አንዱ በቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይሰጥ፤ አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ ሁለቱን በአንድነት አያገኛቸውምና። በመስከረም ጊፋታ ዘመድ አዝማድን በሚሰበስብበት ጊዜ ሁለቱን አገናኝታችሁ የዓመቱን ጨምሩባቸው። ዲስክ ሁሉ አንድ ቀን ይደክማል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቀን እምብዛም አይደክሙም።