«ሰልፉ የት ደረሰ፣ እማዬ?»



ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ዕለት ቤቴል ተሰልፈን ሳለን፣ ከፊቴ ለቆሙት እናት ስልክ ተደወለ። የደወለችው ቤሩት በቤት ሠራተኛነት ያለች ልጃቸው ናት። «ሰልፉ የት ደረሰ?» ትላለች።

የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልከው እርሷ ናት፤ ድምፅ ግን የላትም። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃልና። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ያሉ ዜጎቻቸውን ያስመርጣሉ፤ የእኛም ሕግ ሊያስብበት ይገባል ባይ ነኝ።

ልጅቱ ግን የዕጩዎቹን ክርክር በስልኳ ስትከታተል ሰንብታለች። እናቲቱን «እርሷ ያለችዎትን ነው የሚመርጡት?» ብላቸው፣ «የለም! ሦስት ሌሊት ተከራክረንበታል» አሉኝ። እናንተስ ከውጭ ሲደወልላችሁ፣ ከገንዘቡ ሌላ ምን ታወራላችሁ?

ስንወጣ ቀለም የነካ ጣታቸውን በስልካቸው ፎቶግራፍ አነሣሁላቸው። «አሁኑኑ ላኪልኝ፤ እየጠበቀች ነው» አሉኝ።