«ሒሳብ አጥንቶ ምን ይሆናል?» ለምትሉ

ይህ ጥያቄ በእኛ ሰፈር መልሱን አስከትሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። «ምን ይሆናል? ያው አስተማሪ!» በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በደረሰው ቁጥር ይደገማል። አነጋገሩ ሁለት በደል ተሸክሟል፤ ሒሳብን ፋይዳ ያሳጣል፤ መምህርነትንም የውድቀት ስም ያደርገዋል። እኔ ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ የስንኝ ቀለም የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

በቅድሚያ ጠያቂዋን እናት አልነቅፍም። ልጇ ተመርቆ የቤት ኪራይ እንዲያግዛት ትጠብቃለች። ተግባራዊ ሒሳብ፣ በግቢው ቋንቋ «አፕላይድ ማትስ»፣ አራት ዓመት ይወስዳል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓትም ተማሪውን የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ባለዕዳ አደረገው። ነገር ግን አካውንቲንግ ያጠናውም ያንኑ ውል ይፈርማል። ሒሳብን የሚያስወድደው ዕዳው ሳይሆን ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ነው።

በሩን ማን ዘጋው? የባንኮችን የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ የተመረቀ» ይልና ያበቃል። ውስጥ ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው። አንድ የአጠና ተራ ነጋዴ አንድ ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። ሳይከፍል የመቅረቱ ዕድል 4 በመቶ፣ ባይከፍል ባንኩ የሚያጣው የብድሩን ግማሽ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ኪሳራ 20 ሺህ ብር ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ባንክ ይህን አስልቶ መጠባበቂያ እንዲይዝ ያስገድዳል። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ 4 በመቶው ከየት መጣ የሚለው ግን የይሆናልነት ሒሳብ፣ የሒሳብ ምሩቅ ሥራ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። አደጋን በቁጥር የሚለካ ሰው ሳይዙ ወደዚህ ገበያ መግባት በጨለማ ወንዝ እንደ መሻገር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የ70/30 ምደባ ሒሳብን ብዙዎች ምሕንድስናና ሕክምና ሲያመልጧቸው የሚጣሉበት ማረፊያ አደረገው። ያልመረጠውን የሚያጠና፣ ያጠናውንም በእውነተኛ መረጃ ላይ ሳይሞክር የሚመረቅ ወጣት ማስታወቂያው ላይ ስሙ ቢጠራ እንኳ ይቸገራል።

ከእናንተ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጋር ደግሞ የተለየ ሙግት አለኝ። «ግጥም እንጀራ ይሆናል ወይ?» ስትባሉ ትቆስላላችሁ፤ ያንኑ ጥያቄ ግን ለሒሳብ ተማሪ ስታቀርቡ አትሰቀቁም። የቀደሙት ሊቃውንት ቅኔውንና ቁጥሩን አላጣሉም። በባሕረ ሐሳብ የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ነው። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመር 25 ይመጣል። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ይህ ተግባራዊ ሒሳብ ካልሆነ ምንድን ነው? ስለዚሁ ስሌት «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘ መጽሐፍ የጻፉልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የጥንታዊ ጽሑፎች ሊቅ ነበሩ። በመስጊዱም በኩል ብትሄዱ አል-ኸዋሪዝሚ ለአልጀብራ ስም በሰጠው መጽሐፉ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለውርስ ክፍፍል ነው።

«ያው አስተማሪ» ለሚለውም መልስ አለኝ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም መምህርነትን የተረፈ ሰው ሥራ አድርጎ የሚቆጥር አገር በልጆቹ ውጤት ሊደነቅ አይገባውም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ «ስንት ያስገኛል?» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ልጁ ትምህርቱን ይወደዋል ወይ? ትምህርት ክፍሉስ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራም ያስተምራል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ መርቃችሁ ላኩት። ቀጣሪዎች ሆይ፣ በማስታወቂያችሁ ላይ «ሒሳብ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩ። የእናትየውን ጥያቄ መመለስ የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ቃሏም ሦስት ፊደል ብቻ ናት።

ቸር ይግጠመን።