ፍርሃት የፍጥነት መለኪያ አይደለም

ከታላቁ ቤተ መንግሥት በሒልተን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የቂርቆስ ልጅ አይገኝም። እኛም በካዛንቺስ ቁልቁለቶች ላይ፣ ከጋራዥ በለቀምነው ኩሽኔታና በአንዲት ጣውላ በሠራናት ጋሪ ስንንደረደር አድገናል። ፍሬናችን የጫማችን ሶል ነበር፤ ጫማ ላለው ማለታችን ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ለዶክትሬት ትምህርት በአልፕስ ተራሮች አጠገብ ስንኖር፣ ጓደኞቻችን በአማተሮች የቁልቁል በረዶ ሸርተቴ ውድድር አስመዘገቡን። መነሻው ላይ ቆመን ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከተለቀቅን ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ግን ፍርሃቱ የት እንደ ገባ አናውቅም፤ የቀረው የነፋስ ፉጨትና ደስታ ብቻ ሆነ። እጅግ የፈራነው ፍጥነታችን ዜሮ በነበረበት ጊዜ፣ መፍራት የተውነው ደግሞ አደጋው በበረታበት ሥፍራ መሆኑን የተረዳነው ከወረድን በኋላ ነው።

ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮአችን ያለው የሚዛን አካል የሚሰማው የፍጥነት ለውጥ እንጂ ፍጥነቱ ራሱ አይደለም። የአየሩ ተቃውሞ ወደ ታች የሚስበንን ኃይል ሲያመዛዝነው ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ሰውነትም ‹‹ሰላም ነው›› ይላል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ከግንብ ጋር መላተም ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው 20 ሳይሆን 39 ሜትር ይደርሳል። ፈረንሳዊው ዮሐን ክላሬ እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊዘርላንድ ቬንገን የተመዘገበለት 161.9 ኪሎ ሜትር በዚሁ ስሌት ከ100 ሜትር ያልፋል።

ከእኛም በረዶን የደፈረ አለ። የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ሸርተቴ ተወዳድሯል። የእርሱ ውድድር ግን ይልቁንም የትንፋሽ ሥራ ነው፤ ቁልቁለት ወዳዶቹ ልጆቻችን አስፋልት ላይ ናቸው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መባቻ በኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ ለስልሷልም፤ ለጎማ ጫማና ለኩሽኔታ ከዚህ የተመቸ የለም።

ይከለከሉ የሚሉ ወላጆች አሉ። እኛ አንስማማም፤ የተከለከለ ልጅ ሲመሽ ከመኪና መሐል ይወርዳል። እሑድ ጠዋት አንድ ቁልቁለት ለመኪና ይዘጋ፤ ከግርጌው የጭድ ማዳበሪያ ይደርደር፤ ያለ ሄልሜት ማንም አይውረድ። የፊዚክስ ተማሪዎቻችንም ሜትርና የሩጫ ሰዓት ይዘው ይውጡ፤ ልጁ ‹‹ስንት ሄድኩ?›› ሲል በፎቅ ይንገሩት፤ 30 ኪሎ ሜትር ከአንደኛ ፎቅ፣ 50 ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ ነውና። ሰዓቱን እኛ እናውሳለን።