የተረፈው ሰው ይናገር

ፖለቲካ ፈልጋችሁ ወደዚህ ገጽ የመጣችሁ አንባብያን ዛሬ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የምጽፈው ስለ አውሮፕላን ነው። ያውም ስለ ቦይንግ ወይም ስለ ኤርባስ ሳይሆን፣ ሰዎች በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃቸው ስለሚሠሩት ባለ ሁለት መቀመጫ አነስተኛ አውሮፕላን። ነገሩ ብዙም ሳይርቅ ወደ ፖለቲካ እንደሚመለስ ግን ቃል እገባለሁ።

በአሜሪካ አንድ ተራ ዜጋ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል ራሱ መሥራቱን እንዲያስረዳ ነው፤ በዘልማድ «የ51 በመቶ ደንብ» ይሉታል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሥራው ከተመረመረ በኋላ «ለሙከራ» የሚል ልዩ የብቃት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቃሉም ተሳፋሪ ሁሉ እንዲያየው ወደ ኮክፒቱ መግቢያ ላይ በጉልህ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሰዓታት፣ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40፣ ሰው በማይበዛበት የተወሰነ ክልል ውስጥ ብቻ የሚበረሩ ሲሆን በዚያ ጊዜ መንገደኛ መጫን ክልክል ነው። ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 በዊስኮንሲን የመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ዛሬ በመላ አገሪቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ ከ1970 ጀምሮም ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ በየዓመቱ ታላቅ ጉባኤ ያካሂዳል። መንግሥት ለዜጋው የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አደጋው የአንተ ነው፤ ሆኖም ጎረቤትህን ይዘህ አትሂድ፤ የሆነውንም አትደብቅ።

የመጨረሻዋን ሐረግ በዓይኔ ያየኋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሞት በተረፈ ጊዜ ነው። የምሕንድስና መምህር ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሲቀጠቅጥና ሲበሳ ኖሮ ከቮልስዋገን ሞተር የተገኘ ዓይነት ሞተር የገጠመላትን ትንሽ አውሮፕላን ጨረሰ። በሙከራው አሥራ ምናምነኛ ሰዓት ላይ፣ ከማኮብኮቢያው ተነሥቶ ወደ 600 ጫማ (180 ሜትር ገደማ) ከፍታ እንደደረሰ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። «የደነገጥኩት በድምፁ ሳይሆን በዝምታው ነው» ብሎኛል።

አብዛኛው ሰው ሞተር የጠፋበት አውሮፕላን እንደ ድንጋይ የሚወርድ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። እንዲህ ያለ ቀላል አውሮፕላን በትክክለኛው ፍጥነት ከተያዘ ለእያንዳንዱ ሜትር ቁልቁለት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር ወደ ፊት ይንሳፈፋል። ችግሩ ግን አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሳለ አፍንጫው ወደ ላይ መሆኑ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ፍጥነቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ አብራሪው ተፈጥሮው ከሚነግረው በተቃራኒ፣ ወደ መሬት እየቀረበ ሳለ አፍንጫውን ይበልጥ ወደ መሬት መድፋት አለበት። ሁለተኛውና የከፋው ፈተና ወደ ተነሡበት ማኮብኮቢያ የመመለስ ፍላጎት ነው። ከበስተ ኋላ የተመቻቸ አስፋልት አለ፤ ከፊት ያለው የማያውቁት ማሳ ነው። ነገር ግን ለመመለስ ከግማሽ ክብ በላይ መዞር ያስፈልጋል፤ አውሮፕላን በጎኑ ተጋድሞ ሲዞር ደግሞ ክንፉ ተሸካሚነቱን የሚያጣበት ፍጥነት ከፍ ይላል። በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ይህን የሞከሩ ብዙዎች እየተሽከረከሩ መሬት መትተዋል። አብራሪዎች «የማይቻለው መታጠፍ» ይሉታል። (የአገራችንን ፖለቲከኞች ያስታወሳችሁ ካለ እኔ አልተናገርኩም።)

ባልደረባዬ አልታጠፈም። አፍንጫውን ደፋ፤ ከፊት ለፊቱ በቆሎው የታጨደበት ማሳ መረጠ፤ ነዳጁንና የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ዘጋ፤ በሩን በጥቂቱ ከፈተ። አንደኛው ጎማ በትልም ውስጥ ተሰበረ፤ የግራ ክንፉ ተጣመመ፤ ሰውየው ግን በእግሩ እየሄደ ወጣ። ከደረቱ ላይ የቀበቶው ምልክት በቀር ሌላ ጉዳት አልነበረበትም።

ለእኔ ትምህርት የሆነኝ ከዚህ በኋላ የተደረገው ነው። በዚያው ቀን ለብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስልክ ተደወለ፤ የደወለውም ሕጉ ስለሚያዝዘው ራሱ ነው። የአቪዬሽን አስተዳደሩ መርማሪ መጥቶ ሞተሩን ፈታታ። የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ከማጠራቀሚያው የውስጥ ማሸጊያ የተላጡ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ነዳጁን ያነቁት እነርሱ ነበሩ። ባልደረባዬ የግንባታውን ማስታወሻ ደብተር በሙሉ አስረከበ። ፖሊስ መጥቶ ነበር፤ ያደረገውም መንገዱን መዝጋትና ውኃ ማቀበል ነው። በወሩ መጨረሻ የማኅበሩ ቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ሦስት ገጽ ጽፎ አነበበ፤ እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ ገበሬዎችና የከባድ መኪና መካኒኮች ይገኙበታል፣ ማስታወሻ እየያዙ አዳመጡ። ማንም አልሳቀበትም። ጥያቄዎቹ ሁሉ «ማሸጊያውን ስንት ቀን አደረቅኸው?»፣ «የነዳጁን ፍሰት በአፍንጫ ቀና ሞክረህ ነበር?» ዓይነት ነበሩ። በማግስቱ ቢያንስ አራት ሰዎች የራሳቸውን ማጣሪያ መፍታታቸውን ሰምቻለሁ።

ይህ የአንድ መንደር ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በሥርዓት የተገነባ ነው። ቦርዱ ሥራው ምክንያትን መፈለግ እንጂ መቅጣት አይደለም፤ የሚያወጣው የአደጋ ሪፖርት ለካሳ ክስ በማስረጃነት እንዳይቀርብ የአገሪቱ ሕግ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በናሳ የሚተዳደር የምስጢር ማመልከቻ ተቋቋመ፤ አብራሪ ያጋጠመውን ስሕተት በአሥር ቀን ውስጥ ካመለከተ ከቅጣት የተወሰነ ከለላ ያገኛል። ወንጀልና አደጋ ከዚህ ከለላ ውጭ ናቸው፤ ይህን የምጠቅሰው «ታዲያ ጥፋተኛ ሁሉ ሊያመልጥ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች ስላሉኝ ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት በ2011 የደረሱ 224 የቤት ሥራ አውሮፕላኖች አደጋዎችን መረመረ፤ የሞተር ችግርና አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻል ከሁሉም ቀድመው ተገኙ፤ የነዳጅ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው በረራ በፊት በተግባር እንዲፈተሽም አሳሰበ። ለዚያ ጥናት ማኅበሩ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ አባላቱንና ባለቤቶችን መጠይቅ አስሞልቷል። ሰዎች ስለ ራሳቸው ጉድለት ለመንግሥት ፈቅደው ይጽፋሉ ማለት ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ለመንግሥት የሚጻፈው ስለ ሌላ ሰው ጉድለት ነበር።

ያልተረፉትም ቢሆኑ ዝም አይሉም። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1997 በካሊፎርኒያ ሞንተሬ ባሕረ ሰላጤ የሞተው፣ በርት ሩታን በነደፈውና ሌላ ሰው በቤቱ ሠርቶ በሸጠው አውሮፕላን ነው። በንድፉ መሠረት የነዳጅ መምረጫው እጀታ በአብራሪው እግሮች መካከል መሆን ነበረበት፤ ሠሪው ግን ከግራ ትከሻ በስተ ኋላ አደረገው። ዴንቨር ወደ ሌላው ማጠራቀሚያ ለመለወጥ ዞሮ ሲታገል አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳነው። የቦርዱ ድምዳሜ የአብራሪውን ትኩረት ማጣት፣ በቂ ያልሆነ የነዳጅ ዝግጅትን፣ የእጀታውን አቀማመጥና ምልክት የሌለውን የነዳጅ መለኪያ አንድ ላይ ያስቀምጣል። የሟቹ ዝና አልጋረደውም፤ ሠሪውንም ወንጀለኛ አላደረገውም። ከዚያ ወዲህ ያንን እጀታ ከትከሻው ጀርባ የሚያስቀምጥ ሠሪ ምክንያቱን ሳያውቅ አያደርገውም።

ወደ አገራችን ልምጣ። እኛ ዘንድ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አደጋ እንደተሰማ የሚጠየቀው «ለምን ሆነ?» ሳይሆን «ማን ታሰረ?» ነው። በአውራ ጎዳና ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ተጋጭቶ ቢተርፍ አንዳንዴ የመጀመሪያ ሐሳቡ መሸሽ ነው፤ ስለ ፍሬኑ የሚያውቀውን ይዞ ይሸሻል። መሥሪያ ቤቱ «ምርመራው በመካሄድ ላይ ነው» የሚል መግለጫ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የምንሰማው የለም።

ትልቁን ምሳሌ ውሰዱ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ፤ ከሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ በ2018 እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኃላፊዎቹ ሲታሰሩ በቴሌቪዥን አየን። ፍርድ ቤት የራሱ ሥራ አለው፤ ሌብነት ካለ ሌባው ይጠየቅ። ነገር ግን የፍርድ ቤት ክርክር ጥፋተኛን ይፈልጋል እንጂ ምክንያትን አይፈልግም። የትኛው ብየዳ፣ የትኛው ንድፍ፣ የትኛው የጊዜ ሰሌዳ፣ የትኛው የውል አንቀጽ እንዳልሠራ በገጽ በገጽ የሚያስረዳ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንብቦ ሊማርበት የሚችል ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ እስከ ዛሬ አላየሁም። በዚያ ቤት ውስጥ የሠሩ በርካታ ወጣት መሐንዲሶች እውቀቱ በጭንቅላታቸው አለ። የሚናገሩበት መድረክ ግን የለም፤ የሚናገር ሰው ተጠርጣሪ ይሆናልና።

ይህን የምለው አሜሪካውያንን ለማመስገን አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና ለመቀሰር የቸኮሉ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ነበሩ። ሟቾች መልስ መስጠት አይችሉም ነበር። የመለሰላቸው የበረራ መረጃ መቅጃው ነው፤ አገራችንም የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቷን አንድ ወር ሳይሞላ ይፋ አደረገች። የመጨረሻው ሪፖርት በ2022 መገባደጃ ሲወጣ የአሜሪካው ቦርድ አንዳንድ ነጥቦችን ተቃውሞ የራሱን አስተያየት አሳተመ፤ ክርክሩም በአደባባይ ሆነ፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አለመሆኑን ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም በዚህ ደንብ ትሠራለች። እንግዲህ ጥበቡ የባዕድ ነው ማለት አንችልም። በሰማይ የምናውቀውን በምድር ምን ወሰደብን?

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ጣልያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን መለሰችልን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በ1935 ከኢትዮጵያውያን ጋር በአገራችን ምድር የሠራት ናት፤ በክብር ተቀበልናት፤ ይገባታልም። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ግን አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ በ570 ቀናት ውስጥ «ኬ-570ኤ» ያላትን አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራው አልሰመረም። ያን ጊዜ ከአድናቆቱ ጎን ስንት ስላቅ እንደተጻፈ አስታውሳለሁ፤ ሙከራ አለመሳካቱ የሙከራ አንዱ ባሕርይ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ባለሙያ መሐንዲስ ሥራውን አይቶለት፣ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ተለይቶለት፣ የሆነውን ሁሉ ጽፎ እንዲያስረክብ ብቻ ግዴታ ገብቶ የሚሞክርበት ቀና መንገድ ቢኖር መንግሥትን የሚያስወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው።

አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ይህን ሐሳብ ሳነሣላቸው «ዶክተር፣ ሕዝባችን ገና ነው፤ ቅጣት ካልፈራ አይጠነቀቅም» አሉኝ። እኔ ግን ከበቆሎ ማሳው የወጣውን ሰው አይቼዋለሁ፤ ሲሠራ ይጠነቀቅ የነበረው በገዛ ነፍሱ ስለሚበር ነው። ቅጣት ቢፈራ ኖሮ ይጨምር የነበረው ጥንቃቄ ማጣሪያውን መርማሪው ከመድረሱ በፊት ማጽዳት ብቻ ነው።

የምክር ቤት አባላት ይህን ገጽ ያነባሉ ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ቢያነቡ ግን የምጠይቃቸው በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩና የከሸፉ ሥራዎችን የሚመረምር፣ የማይከስና የማያስር፣ ሪፖርቱን ለማንም ዜጋ በሚገባ ቋንቋ የሚያሳትም አንድ አነስተኛ ቦርድ ነው። ተጠሪነቱም ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለምክር ቤቱ ይሁን። አሜሪካውያን የእነርሱን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲያቋቁሙ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር አቆራኝተውት ነበር፤ መርማሪው ተመርማሪው ቤት ጥገኛ ሆኖ እንደማይዘልቅ ሲገባቸው በ1974 ሌላ ሕግ አውጥተው አላቀቁት። እኛ ከሁለተኛው ሕግ ብንጀምር ሰባት ዓመት እናተርፋለን።