የጋራ ላብ፥ የግል ዋጋ



ስለ እንግሊዝ የሮክ ሙዚቀኞች በተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንዶች የቀልድ ነገር ሊመስላቸው ይችላል። «ይህ ለዳንስ ቤት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ምኑ ነው?» የሚል ተማሪም ሆነ አስተማሪ አይጠፋም። ነገር ግን እዚህ የማነሣው ታሪክ የዳንስ ታሪክ አይደለም። አምስት የትምህርት ቤት ልጆች በአንድነት ሠርተው ያገኙትን እንዴት እንደተካፈሉት፥ አከፋፈሉም እንዴት አድርጎ እንደበተናቸው የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ማናችንም ብንሆን አንድ ቀን ከባልንጀሮቻችን ጋር የጋራ ሥራ መጀመራችን አይቀርምና ነገሩ ያገባናል። ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የሙዚቃው ጓድ ስም ዞምቢስ ነው። ዞምቢ ማለት በካሪቢያን አገሮች ተረት ከሞተ በኋላ ተነሥቶ የሚንቀሳቀስ ሰው ማለት ነው። ይህ የልጅነት ቀልድ የሚመስል ስም ኋላ ትንቢት ሆኖ እንደተገኘ ወደ ፊት እናያለን።

ጓዱ የተጀመረው በ1961 ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው በሴይንት ኦልባንስ ከተማ ነው። ሮድ አርጀንት ፒያኖና ኦርጋን፥ ፖል አትኪንሰን ጊታር፥ ሂዩ ግራንዲ ድራም ይጫወቱ ነበር፤ ድምፃዊው ኮሊን ብለንስቶን ነበር። የመጀመሪያው የቤዝ ጊታር ተጫዋች የሕክምና ትምህርት መርጦ ስለተለያቸው በእርሱ ቦታ ክሪስ ዋይት ገባ። ሁሉም የዚያው ከተማ ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱም እያንዳንዱ ወደየመንገዱ ሊሄድ ተቃርቦ ሳለ በ1964 በአውራጃቸው በኸርትፈርድሺር በተደረገ የሙዚቃ ውድድር አንደኛ ወጡ። ከዚህም የተነሣ ዴካ ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ለመዋዋል በቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት «ሺዝ ኖት ዜር» የተባለው ዘፈን፥ ደራሲው አርጀንት፥ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ እስከ 12ኛ፥ በአሜሪካ ደግሞ እስከ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በገና ሰሞን ኒው ዮርክ ውስጥ ብሩክሊን ሄደው ተጫወቱ። በ1965 «ቴል ሀር ኖ» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ 6ኛ ሆነ። ትናንት የደብተር ዋጋ ከአባቶቻቸው ይቀበሉ ለነበሩ ልጆች ይህ እንደ ሕልም ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የሙዚቃ ጓድ ገንዘብ የሚያገኝበት በር ሦስት ነው። አንደኛው የመድረክ ዋጋ ነው። ይህ የወኪሉ፥ የመኪናውና የማደሪያው ሒሳብ ከተቀነሰ በኋላ ለአባላቱ ይከፈላል። ሁለተኛው ሸክላው ሲሸጥ ኩባንያው በውሉ መሠረት ለተጫዋቾቹ የሚሰጠው ድርሻ ነው። ይህ በዚያ ዘመን እጅግ ትንሽ ነበር፤ ያም ትንሽ ለአምስት ሲካፈል የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ማንም ይገምተዋል። ሦስተኛው የደራሲው መብት ነው። አንድ ሸክላ በተሸጠ ቁጥር፥ ዘፈኑም በራዲዮ በተሰማ ቁጥር ለደራሲው ይከፈላል። ዘፈኑ በሌላ ሰው ቢዘፈንም ይከፈላል። በአሜሪካ እንዲያውም አንድ ዘፈን በተራው ራዲዮ ጣቢያ ሲሰማ ለደራሲው ይከፈላል እንጂ ለዘፈነውና ለተጫወተው ሰው ምንም አይከፈልም፤ ይህ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በዞምቢስ ጓድ ውስጥ በሦስተኛው በር የሚገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዘፈኖቹን በአብዛኛው የደረሱት አርጀንትና ዋይት ናቸው። ብለንስቶን፥ አትኪንሰንና ግራንዲ ግን ኑሯቸው የተመሠረተው በመድረክ ዋጋ ላይ ነበር። በአንድ መኪና ይጓዛሉ፤ በአንድ መድረክ ይቆማሉ፤ ጭብጨባውንም በእኩል ይቀበላሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ሁለቱ ሀብት ማጠራቀም ሲጀምሩ ሦስቱ የሚቀጥለውን ሳምንት መድረክ ይጠባበቃሉ።

ሥራው እስከ ቀና ድረስ ይህ ልዩነት አልታየም። ከ1965 በኋላ ግን በአገራቸው በእንግሊዝ ዘፈኖቻቸው ደረጃ ማግኘት አቆሙ፤ የመድረክም ጥሪ ቀነሰ። በ1967 ወደ ፊሊፒንስ ተጉዘው ማኒላ ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የደረሳቸው ገንዘብ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቈጠር ነበር። የሕዝቡ ፍቅር እንዳልጠፋ ዐዩ፤ ፍቅሩ ግን ወደ ኪሳቸው የሚገባበት መንገድ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ሲ.ቢ.ኤስ. ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋውለው አንድ ትልቅ ሸክላ ለመሥራት 1,000 ፓውንድ ተሰጣቸው። ቢትልስ ታላቁን ሸክላቸውን «ሳርጀንት ፔፐርን» በጨረሱበት በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነርሱ ገቡ። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ዘፈኖቹን አስቀድመው በደንብ ተለማምደው ነበር የሚገቡት። ሥራው ካለቀ በኋላ ኩባንያው በስቴሪዮ አሰናዱልን ቢላቸው ገንዘቡ አልቆ ነበርና አርጀንትና ዋይት ከደራሲነት ካገኙት ከራሳቸው ኪስ ከፈሉ። ይህን የምጠቅሰው ሁለቱን ስስታሞች ናቸው ብሎ የሚፈርድ እንዳይኖር ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ክፉው አከፋፈሉ ነበር።

ሸክላው «ኦዲሲ ኤንድ ኦራክል» ተባለ። ሽፋኑን የሣለው ወዳጃቸው የመጀመሪያውን ቃል ፊደል አሳስቶ ጻፈው፤ ሲታይም ጊዜው አልፎ ስለነበር ስሕተቱ እስከ ዛሬ አለ። ይሁን እንጂ ጓዱ ሸክላው ገበያ እስኪወጣ እንኳ አልቆየም። ከሸክላው አስቀድሞ የወጣው ዘፈን ሳይሸጥ ቀረ። አትኪንሰን ትዳር ሊይዝ ነበርና ቋሚ ደመወዝ አስፈለገው። ብለንስቶንም ቢሆን ባዶ እጁን ነበር። በታኅሣሥ 1967 ጓዱ ፈረሰ። ሸክላው የወጣው በሚያዝያ 1968 ሲሆን ያን ጊዜ ድምፃዊው በለንደን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ወረቀት ያገላብጥ ነበር።

ትንቢቱ የተፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። አል ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ሸክላውን ከለንደን ይዞ ተመልሶ የኩባንያውን ሹማምንት እንዲያወጡት ወተወታቸው። ከውስጡም «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» የተባለው ዘፈን በ1969 መጀመሪያ በአሜሪካ 3ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። የሞተው ጓድ ተነሥቶ ይሄድ ጀመር። ግን የሚሄደው ዘፈኑ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ የሉም። ደራሲው አርጀንት ቀድሞ አዲስ ጓድ ጀምሮ ስለነበር ወደ ኋላ አልተመለሰም። ተመለሱ የሚለውን የገንዘብ ጥሪ ሁሉ ትተውት ቀሩ።

ባዶ ቤት ደግሞ ሌባ ይጠራል። በሚሺጋን የነበረ አንድ የሙዚቃ ደላላ ድርጅት ከቴክሳስ አራት ወጣቶች ሰብስቦ «ዞምቢስ እነዚህ ናቸው» እያለ በ1969 በየከተማው አዞራቸው። አሜሪካኖች የእውነተኞቹን ፊት አጥርተው አያውቁም ነበርና ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገባ። ከእነዚያ አራት ውስጥ ደስቲ ሂልና ፍራንክ ቢርድ የተባሉት ኋላ ዚ.ዚ. ቶፕ በተባለው ጓድ የራሳቸውን ስም ያስጠሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ እንየው፤ ብለንስቶን በቢሮ ተቀምጦ በራሱ ድምፅ የታወቀው ስም በሌላ አገር በሌሎች ይነገድበት ነበር። ስሙ የማን እንደሆነ ማን ይጠብቀው? ቤቱን ትተው ወጥተዋልና።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። «ዘፈኑን የደረሰው አእምሮውን አፍስሶ ነው፤ ብቻውን ሊከፈለው ይገባል፤ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከአታሚው ጋር ይካፈላልን?» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ደራሲ ድርሻው ይከበርለት ማለት ትክክል ነው፤ ያለ አርጀንትና ያለ ዋይት እነዚህ ዘፈኖች ባልተፈጠሩም ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው በወረቀት የተጻፈ ግጥምና ዜማ አይደለም፤ ሸክላ ነው። «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» ገና ሲጀምር ቃል ሳይነገር የሚታወቀው በቤዙ፥ በጭብጨባውና በትንፋሹ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው የብለንስቶን ድምፅ ነው። ሌላ ቢዘፍነው ያው ዘፈን ይሆን ነበር የሚል ካለ ልብ ብሎ ያዳምጠው። በሕግ ግን ድምፁ እንደ ቀን ሙያተኛ ተቈጠረ፤ ዜማው እንደ ባለ ርስት።

ደግሞም ሁሉም እኩል ይውሰድ አላልሁም። ያልሁት ሁሉም ድርሻ ይኑረው ነው። ይህም ሕልም አይደለም። ክዊን የተባለው የእንግሊዝ ጓድ በ1975 «ቦሂሚያን ራፕሶዲን» ሲያወጣ በሸክላው ጀርባ የድራም ተጫዋቹ የሮጀር ቴይለር ዘፈን ነበረ። ሸክላው ሲሸጥ ሁለቱም ገጽ አብሮ ስለሚሸጥ የጀርባው ደራሲ ከፊቱ ደራሲ ጋር እኩል ተከፈለው፤ ይህም ቅሬታ አስነሣ። እነዚያ ሰዎች ግን ቅሬታውን አፍነው አልተበተኑም። በ1989 «ዘ ሚራክል» በተባለው ሸክላ ዘፈኖቹን ሁሉ በአራቱ የጋራ ስም አወጡ። ማን ምን ጻፈ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ የትኛው ዘፈን ይሻላል የሚለው ብቻ ቀረ። ክርክሩ ከኪስ ወጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

የዞምቢስ ልጆች ፍጻሜያቸው ሁሉ አሳዛኝ ነው አልልም። ብለንስቶንና አርጀንት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና አብረው ለመጫወት በቁ። አትኪንሰን በሸክላ ኩባንያዎች ውስጥ አዳዲስ ሙዚቀኞችን የሚፈልግ ሹም ሆኖ ሠርቶ በ2004 ዐረፈ። በ2008 በሕይወት ያሉት አራቱ ያን የተረሳ ሸክላ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱት። በ2019 ደግሞ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስማቸው ሲገባ በዓሉ የተደረገው ያው በ1964 በሄዱበት በብሩክሊን ነበር። ክብሩ መጣ፤ የመጣው ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ይሠሯቸው የነበሩት ሦስተኛና አራተኛ ሸክላዎች ግን የሉም። እነዚያን ማንም የክብር አዳራሽ ሊመልሳቸው አይችልም። እኔ እንደ እውነተኛ ኪሳራ የምቈጥረው ይህንን ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ ድሩ ሥጋውን እንዴት እንደሚካፈል አይነግረንም። እኛም ተሰብስበን ቴአትር፥ መጽሔት፥ ኦርኬስትራ ወይም አንድ የንግድ ሥራ ስንጀምር ስለ አንበሳው እንነጋገራለን እንጂ ስለ ሥጋው መነጋገር ነውር ይመስለናል። «በወንድማማቾች መካከል ምን ውል ያስፈልጋል?» እንላለን። ወንድማማችነትን የሚያፈርሰው ግን ውል አይደለም፤ ሳይነገር የቀረው ነገር ነው። ያ ሳይነገር የቀረው ነገር በድኻነት ጊዜ ተኝቶ ይቈይና ገንዘብ ሲመጣ ይነሣል።

ስለዚህ ማናቸውም የጋራ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ እላለሁ። የሚገኘው ገንዘብ ያሰበውንም የሠራውንም ሳይረሳ እንዴት እንደሚከፈል፤ ስሙ የማን እንደሆነ፤ አንዱ ቢወጣ ድርሻው ምን እንደሚሆን። የሕግና የንግድ ትምህርት አስተማሪዎቻችንም ይህን የመሰለውን ወረቀት እንዴት መጻፍ እንደሚገባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢያስረዱን ትልቅ ውለታ ነው። ወረቀቱ ምናልባት ሳይገለጥ በመሳቢያ ይቀመጥ ይሆናል። አምስት ባልንጀሮች ተለያይተው አንዱ በኢንሹራንስ ቢሮ፥ ስማቸው በሌላ ሰው እጅ ከሚቀር ግን ወረቀቱ በመሳቢያ ቢበሰብስ ይሻላል።