ኤል ካንስል በኤል ብቻ አይደለም

የድብድብ ጌም የምንወድ ጓደኛሞች ስንገናኝ የምንጨቃጨቀው ማን አሸነፈ በሚለው ብቻ አይደለም፤ ‹‹ይሄ እንቅስቃሴ ስሙ ማን ይባላል?›› በሚለውም ነው። የሥራ ፈት ክርክር ይመስላል አይደል? ለጀማሪ ግን ከስሙ ሌላ የሚይዘው ነገር የለም።

‹‹ኤል ካንስል››ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጌምኪውብ በወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሜሌ፣ አየር ላይ ሆኖ የመታ ተፋላሚ መሬት ሲነካ ለቅጽበት ደንዝዞ ይቀራል። ከመንካቱ በፊት ባሉት 7 ፍሬሞች ውስጥ (ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄደው፤ አስቡት!) ቁልፍ ከተጫናችሁ መደንዘዙ በግማሽ ያጥራል። የቱን ቁልፍ? ስሙ ኤል ይላል፤ አርም ሆነ ዜድ ግን እኩል ይሠራሉ። ከመሀላችን አንዷ ይህን ሳታውቅ በማይመቻት ቁልፍ ጣቷን ስታሰቃይ ከርማለች። ማን እንደሆነች አንናገርም። በፊተኛው የኒንቴንዶ 64 ጌም ደግሞ ይኸው ነገር ዜድ ካንስል ነበር የሚባለው።

ዌቭዳሽማ ይብሳል። ቴክን ላይ የሚሺማ ቤተሰብ ጎንበስ እያለ ወደ ፊት የሚደጋግመው ግስጋሴ ነው፤ ሜሌ ላይ ግን ዘሎ፣ ወዲያው በሰያፍ ወደ መሬት አምልጦ መንሸራተት ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ሙያ።

ስለዚህ ‹‹ስሞቹን ሁሉ እናጽዳ፤ እጅ የሚሠራውን ብቻ ይናገሩ›› የሚሉ አሉ። በኤል ጉዳይ እንስማማለን። ኮሪያን ባክዳሽ ላይ ስትደርሱ ግን እጃችሁን ሰብስቡ!

ይህ የቴክን ማፈግፈጊያ ነው። ወደ ኋላ ሁለቴ ትነካላችሁ፤ ተፋላሚው ማፈግፈጉን ሳይጨርስ በሰያፍ ወደ ታችና ወደ ኋላ ገፍታችሁ በማጎንበስ ትቆርጡታላችሁ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ። በቃል ቀላል ነው፤ አውራ ጣት እስኪለምደው ግን ያስለቅሳል። ስሙ ስለ እጅ አንዳች አይነግረንም፤ ይህን ልፋት ለዓለም ያሳዩት የኮሪያ ተጫዋቾች መሆናቸውን ግን ይነግረናል። ለእነሱ የተከፈለ ብቸኛ ደመወዝ ምናልባት ይኸው ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ላስ ቬጋስ በተደረገው የኢቮ ውድድር፣ በቴክን 7 ፍጻሜ ፓኪስታናዊው አርስላን አሽ ኮሪያዊውን ኒን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዋንጫው አገር ቀየረ፤ የባክዳሹ ስም ግን ያው ኮሪያን ነው። ‹‹ፈጣን ማፈግፈግ›› እንበለው ለምትሉን፦ ማብራሪያውን ከስሙ ሥር ጻፉለት፤ ስሙን ግን አትንኩብን።