ምስክሩ ውኃው ውስጥ ነው

አብሮ አደጎቼ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሽማግሌዎች፤

ክረምቱ ግም ሳይል ልናገር ብዬ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ የምንለው ሁሉ ጠብ ይሆናል። የመጀመሪያው ጎርፍ ከታቦር ተራራ ወርዶ፣ የየቦዩን ጉድ አግበስብሶ ሐይቁ ውስጥ ሲዘረግፈው፣ ሐይቁ ዳር ባለው ግድብ ላይ የሚንሸራሸረው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ፣ ያን ጊዜ ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። ዓሣ አስጋሪው በሆቴሉ፣ ሆቴሉ ከብት ሊያጠጣ በሚመጣው፣ ባለ ከብቱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያሳብባል። እኛ ባለ ግቢዎች፣ ሰርቪስ ቤት አከራዮች፣ በሁሉም እናሳብባለን፤ ከራሳችን በቀር።

እስከ ዛሬ የተሸሸግነው ውኃ አይናገርም ብለን ነው። ሐይቅ የገባ ቆሻሻ ባለቤት የለውም ብለን። ይህ መደበቂያ እየፈረሰ ነው፤ ላስጠነቅቃችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። ውኃ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ከሰው ሆድ ይውጣ ከከብት የሚለዩበት ዘዴ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩ ለኛ ለሽማግሌዎች ባዕድ አይደለም፤ የምስክር ነገር ነው። ላቦራቶሪዎች ድሮም ዛሬም ኢ. ኮላይ የምትባለውን ባክቴሪያ ይቆጥራሉ። ደመ ሞቃት ፍጥረት አንጀት ውስጥ ትኖራለች፦ በሰው፣ በላም፣ በአህያ፣ በዶሮ፣ አሞራ ገደል ቆሞ የዓሣ ሆድ ዕቃ በሚጠብቀው አባ ኮዳ፣ በጉማሬውም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንዲትም እንዳትገኝ ይላል። ከተገኘች ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው። የማን? አትናገርም። ‘አንድ ሰው ሰርቋል’ ብሎ ዝም እንደሚል ምስክር ናት። በአንድ ወቅት የሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ቁጥር እያነጻጸሩ ‘ይህ የሰው፣ ያ የከብት’ ለማለት ተሞክሮ ነበር፤ አንደኛው ውኃ ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ስለሚሞት ሚዛኑ አሳሳተና ተተወ።

ኋላ የመጣው ምስክር ሌላ ነው፤ ባክቴሮይድስ ይባላል። አንጀት ውስጥ ከኢ. ኮላይ እጅግ ይበዛል። አየር ስለማይስማማው ከወጣ በኋላ አይራባም፣ ብዙም አይቆይም፤ ስለዚህ ከተገኘ ቆሻሻው የቅርብ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። የሰው አንጀት የሚያኖረውና የሚያመሰኩ እንስሳት አንጀት የሚያኖረው ደግሞ በዘረመል ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኦሪገን የሚሠሩ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት መለያ አድርገው አሳተሙት። መሣሪያው ሩቅ አገር ያለ እንዳይመስላችሁ፤ በኮሮና ጊዜ ከአፍንጫችን የተወሰደውን የመረመረው ፒሲአር ነው። በባሕር ዳር በኩል ያለውን የጣና ወሽመጥ የዓይነ ምድር ብክለት በባክቴሪያ የመረመረ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ጣና የደረሰ ሰው ሐዋሳ ለመድረስ መንገድ አይጠፋውም።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ከዓመታት በፊት ለሽምግልና ተቀምጠን አንድ ባለ ከብት ላይ ፈርደናል። ከእናንተ ሦስታችሁ ነበራችሁ። የአንድ ግቢ ጉድጓድ ውኃ ተበክሎ ልጆች ታመሙ፤ አጥሩ ሥር እበት አየን፤ የሕክምናውን ክፈል፣ ከብትህንም አርቅ አልነው። ማለ፣ ተገዘተ፣ አልሰማነውም። ከዚያው ጉድጓድ ዐሥር እርምጃ ላይ የቆመውን ሽንት ቤት ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የያንዳንዳችን ሽንት ቤት እንደዚያው ነበር።

አባቶቻችን ስለ ሌባሻይ ያወሩን ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባሻይ ቀረ ብለን ስንስቅ ኖረን እኛው እበት አይተን የወደቅንበት ቤት ላይ ፈረድን። ሲዳማ ‘አፊኒ’ ይላል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ፣ ዙሪያው ሳይጣራ አይፈረድም፤ ፍለጋው ሐላሌን፣ እውነትን ነው። እኛ ያን ቀን አልሰማንም።

ታዲያ አዲሱን ምርመራ ራሱን ሌባሻይ እንዳናደርገው ደግሞ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ዐሥራ ስድስት አገሮችን ያካተተ ጥናት እነዚህ መለያዎች በየአገሩ እኩል እንደማይሠሩ አሳይቷል፤ አንዱ አገር የሰው ብቻ የሆነው ሌላው አገር እንስሳ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መርማሪዎች ሐይቁ ላይ ከመፍረዳቸው በፊት የኛን ላም፣ የኛን አህያ፣ የኛን ሰው ናሙና ወስደው መለያውን እዚሁ መፈተን ይኖርባቸዋል። ‘ፈትናችኋል?’ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። ከዚያ ባለፈ ግን በሳይንስ ስም ጊዜ መግዛት አይሆንም።

ከብት ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝስ? የካናዳዋን ዎከርተን ስሙ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ የከተማይቱ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገዳይዋ የኢ. ኮላይ ዝርያ ገባች። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ታመመ። የባክቴሪያው ዘር ሲመረመር ጉድጓዱ አጠገብ ካለ የከብት እርባታ ጋር ገጠመ። ነገር ግን አጣሪው ኮሚሽን ገበሬውን አልወቀሰም፤ ፍጉን የያዘው በወጉ ነበር። ከተወቀሱት ውስጥ ክሎሪኑን በቅጡ ሳይጨምሩ፣ ሳይለኩም፣ መዝገቡ ላይ የሐሰት ቁጥር ይጽፉ የነበሩት የውኃው ሠራተኞች ይገኙበታል። ባክቴሪያው ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ማን እንደበደለ መፍረድ የሰው ሥራ ነው። ያንን ባለ ከብት ሳስብ እንቅልፍ የሚነሳኝ እዚህ ላይ ነው፤ እበቱ የሱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጉድጓዱን ያለ ክዳን የተወው ሌላ ሰው ነበር።

ፋብሪካውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። የጨርቅ ቀለምና ኬሚካል አንጀት ስለሌለው ባክቴሪያ አይመሰክርበትም፤ እሱ በሌላ ምርመራ ይጠየቃል። በጥቁር ውኃ ወንዝ የሚመጣው ሁሉ ይጠየቅ። እኔ የማወራው ከየግቢያችን ስለሚወጣው ነው። ከተማችን የየቤቱን ፍሳሽ የሚሰበስብ መስመር የላትም፤ ያለን የሽንት ቤት ጉድጓድና መጣጭ መኪና ነው። መጣጩ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዝናብ በነጻ ነው።

ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ሕፃን ያውቃል፤ ዘንግተነዋል እንጂ። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውኃ ይገባል፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ባክቴሪያውን ፀሐይ ትገድለው ይሆናል፤ አብሮት የገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን አይሞትም፣ አረንጓዴ አተላ ሆኖ ይመለስብናል። ጎረቤታችን ጨለለቃ ሐይቅ ሲባል የደረስን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ረግረግ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ግቢዬ ውስጥ ስድስት ሰርቪስ ቤት አለ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ ነበር የተቆፈረው፤ ዛሬ ሃያ ሦስት ሰው ይጠቀምበታል። ሁለት ክረምት፣ በሌሊት፣ ዝናቡ ሲያይል ክዳኑን አስከፍቼ ወደ ቦዩ አስለቅቄዋለሁ። ጎርፍ ይወስደዋል አልኩ። የወሰደውም የልጅ ልጆቼ የሚዋኙበት ዳርቻ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ የሚጸዳበት፣ ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉበት ዳርቻ። ጠዋት ተነስቼ ከሰው ጋር ስለ ሆቴሎች አማሁ።

ከእናንተም ስም አልጠራም። ግን አንድ ቀን ጠርሙስና በረዶ የያዘ ሳጥን አንግቶ የሚመጣ ወጣት ይኖራል። መጀመሪያ ቦዩ ሐይቅ ከሚገባበት አፍ ይቀዳል። ምርመራው ‘የሰው ነው’ ሲለው ሽቅብ ይወጣል፤ ቦይ ከቦይ በሚገናኝበት ሁሉ እየቀዳ፣ ንጹሑን መስመር እየተወ፣ ከሠፈር ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ አጥር ይጠባል። ባክቴሪያው የቤት ቁጥር አያውቅም፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ሽንት ቤት ውስጥ የሚጨመር ቀለም አለ። ቀለሙ ቦዩ ላይ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ መላክ አይቻልም፤ ሽማግሌዎቹም እኛው ነን።

ዕድሩ የፊታችን እሑድ ሲሰበሰብ ይህን አነሣዋለሁ፤ ያን ባለ ከብትም አስጠርቼዋለሁ፣ ካሣ የከፈለውን ከኔ ድርሻ ልመልስለት። መጣጭ መኪና ለኔ ግቢ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይመጣል፣ በቀን፣ ጎረቤት እያየ። ታንኩ የኔን ብቻ ጭኖ አይሞላም ብሎኛል ሹፌሩ። ዋጋውን የሚጋራኝ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ይንገረኝ።